በረድፍ 347 ስለ ተሠራልን ደረጃ

ቁጥር፦ የለውም (ቁጥር የተሰጠው ነገር ሁሉ መፍትሔ እንዳገኘ ስለሚቆጠር ሆን ብዬ ትቼዋለሁ)
ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሉልሰገድ
የወረዳችን የቤቶች ጥገና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፒያሳ

ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር ላይ ስለ ተሠራልንና ግቢያችን ስላልደረሰው ደረጃ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የምክትልዎን፣ እንዲሁም በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የትልቁን ስክሪን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ በሚገኘው አሮጌ የእንጨት ፎቅ ግቢ የምንኖር ስድስት አባወራዎች ደህና ነን። እማማ ሳሊሀም ደህና ናቸው፤ ከላይ ሆነው ሰላም ብለውዎታል። ከላይ ማለቴ ለወግ አይደለም። የፎቁ ደረጃ አሥራ አራት መወጣጫ ነበረው፤ የታችኞቹ ስምንቱ ለብዙ ክረምት ሲበሰብሱ ኖረው ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ ተናዱ። በላያቸው የነበረው የግቢው ድመት ብቻ ስለ ነበር የተጎዳ የለም። እማማ ሳሊሀ ግን በፎቁ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰባ ሦስት ዓመት የሞላቸው ሴት ስለ ሆኑ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ መሬት አልረገጡም።

እኔ አጽብሐ ኪሮስ እባላለሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ በር በስተግራ ጃንጥላ ተክዬ፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ቀድሞ በታይፕ መኪና አሁን ደግሞ በላፕቶፕ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ከሚደርሱት ወረቀቶች ውስጥ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው» ብሎ የሚጀምር ካለ የእኔ እጅ አለበት። ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ስለዚሁ ደረጃ ግን ከሰኔ ወዲህ ሰባት ማመልከቻ ጽፌ ሰባቱም መፍትሔ አግኝተውብኛል። ይህኛውን ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁት በድፍረት ሳይሆን፣ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ካለፈ እርሱም እንደ ወንድሞቹ መፍትሔ እንዳያገኝ ፈርቼ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀለሙ።

ቀደም ሲል የጥገና አቤቱታ የሚመዘገበው በወፍራም መዝገብ ላይ ነበር፤ መዝገቡን የሚከፍት ካልተገኘ ደግሞ በአእምሮ። ባለፈው ዓመት ልጄ ሔርሜላ አራት ኪሎ የኮምፒውተር ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል ለተግባር ልምምድ ወደ እርስዎ ጽሕፈት ቤት ስትመደብ ግቢያችን በሙሉ ደስ አለው። እርስዋም ሰው ሁሉ ኤክሴል በሚለው ሠንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ አቤቱታ አንድ ረድፍ ሰጠች፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ «የተሰጠ መፍትሔ» የሚል ርዕስ አኖረች፤ ከዚያም ኮድ ጻፈች። ኮዱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ ተነሥቶ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የመፍትሔው ሳጥን ባዶ ከሆነ ቢጫ ይቀባዋል፤ ባዶ እንደ ሆነ ሠላሳ ቀን ካለፈው ቀይ ይቀባዋል፤ አንዳች ነገር ከተጻፈበት አረንጓዴ ይቀባዋል። ሰው ብሩሽ አያነሣም፣ ቀለም አይበጠብጥም፣ እጁም አይቆሽሽም።

ልጄ ይህን ስታስረዳኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ ኮዱ የተጻፈውን ያነበዋል ወይ? አልኋት። «አባዬ ደግሞ! ኮድ እኮ ነው። የሆነ ነገር መኖሩን ነው የሚያየው፤ ማንበብማ የሰው ሥራ ነው» አለችኝ። ማንበብ የሰው ሥራ መሆኑን በጊዜው በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤትዎ ባለማሳወቄ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የእኛ ደረጃ ረድፍ 347 ላይ ሰፈረ። ሠላሳ ቀን ቢጫ ሆኖ ከረመና ሐምሌ 3 ቀን ቀላ። ክቡር ሆይ፣ ቀይ በነበርንበት በእነዚያ አርባ አንድ ቀናት እንዴት ያለ ተስፋ እንደ ነበረን ልነግርዎ አልችልም። የግቢው ሰው ማለዳ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ በእግረ መንገዱ ጎራ ብሎ፣ በስክሪኑ ላይ መቅላታችንን አይቶ፣ «አለን፣ አልረሱንም» እያለ ይመለስ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰረዙ።

ወይዘሮ ጽጌማርያምን እወዳቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። በመዝገብ ቤትዎ ሃያ ስምንት ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ወረቀት ጠፋባቸው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ይህም የሆነው በአንድ ጽኑ ልማድ ነው፤ በእጃቸው በሚያልፍ ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ አይተዉም። ባዶ የተተወ ቦታ ካለ ነገ ሌላ እጅ መጥቶ ያልተባለውን ይጨምርበታል፤ ስለዚህ በሰረዝ ይዘጋል። እኔም ብሆን የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ከፊርማው በላይ ሦስት ጣት ቦታ ቢተርፍ በሰረዝ ሳልዘጋ ማመልከቻ ለባለጉዳይ አስረክቤ አላውቅም። በሰረዝ ጉዳይ በእርሳቸው ላይ የምፈርድ የመጨረሻው ሰው ነኝ።

ታዲያ በነሐሴ ወር ልጄ ልምምዷን ጨርሳ ስትሄድ ሠንጠረዡን ለወይዘሮ ጽጌማርያም አስረከበች። እርሳቸውም ከፍተው አዩት። በመጨረሻው ዓምድ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ባዶ ሳጥኖች አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። አማተቡ ይባላል። ሰኞ ጠዋት ጀመሩ፤ ምሳም በአግባቡ አልበሉም፤ ማክሰኞ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንዳንድ ሰረዝ አግብተው ጨረሱ። ሌላ እጅ ምንም ሊጨምርበት እንዳይችል አድርገው ዘጉት፤ የእርስዎም እጅ ጭምር።

ነሐሴ 14 ቀን ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኮዱ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ማኪያቶዎን እንደ ያዙ ከቢሮዎ ወጥተው በስክሪኑ ፊት ብዙ ቆመው ነበር አሉ። በአንድ አዳር አንድ ምስማር ሳይመታ አንድ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጣራ፣ ግድግዳ፣ ሽንት ቤትና ደረጃ ተጠግኗል። ጭብጨባው ከጃንጥላዬ ሥር ድረስ ተሰማኝ። ከሠራተኞቹ አንዱ ልጅ ሊድር መስሎኝ እኔም አጨበጨብሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አረንጓዴው ዓይነት።

በማግስቱ ስድስተኛውን ማመልከቻዬን ይዤ ወደ መስኮቱ ቀረብሁ። እዚያ ያለችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት፤ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። «ጋሼ አጽብሐ፣ ይሄ እኮ አልቋል፤ አረንጓዴ ነው» አለችኝ። ደረጃው እንዳልተሠራ፣ ማለዳም በዓይኔ አይቼው እንደ መጣሁ ነገርኋት። አሳዘንኋትና ሰረዙን አጥፍታ በሳጥኑ ውስጥ «አልተሠራም ይላሉ» ብላ ጻፈችልኝ። በማግስቱ ስመለስ ሳጥናችን አረንጓዴ ነበር፤ አልተሠራም መባላችን ተጽፏልና።

በዚያው ሰሞን እርስዎ ሁሉም አረንጓዴ እኩል መሆኑ እንዳልተዋጠልዎት ሰማን። ዝርዝር መፍትሔ የተጻፈበት ሳጥን «የላቀ አፈጻጸም» ተብሎ ጠቆር ባለ አረንጓዴ እንዲቀባ ልጄን አስጠርተው አዘዙ፤ ታዝዛለችና ሠራችው። ከአንድ መስመር በላይ የተጻፈበት ሁሉ ጠቆር እንዲል ሆነ። እኔ ምስኪኑ ይህን ሳላውቅ በሰባተኛው ማመልከቻዬ የእማማ ሳሊሀን ዕድሜ፣ የጉልበታቸውን ነገር፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸው በገመድ በታሰረ ዘንቢል እንደሚወጣላቸው፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ድረሱልን ማለታችንን ሁሉ በዘጠኝ መስመር ዘርዝሬ፣ ያችው ልጅ አንዲት ፊደል ሳታስቀር ሳጥኑ ውስጥ እንድትገለብጠው ለመንኋት። ዛሬ በወረዳው ውስጥ ከረድፍ 347 የጠቆረ አረንጓዴ የለም። ከሌላ ክፍለ ከተማ ለልምድ ልውውጥ የመጡ እንግዶች በፊቱ ፎቶ ተነሥተዋል።

አራተኛ፣ ——————————

(በዚህ ቁጥር ሥር ስለ ዘንቢሉ በሰፊው ልጽፍ አስቤ ነበር። ባዶ እንዳይቀር በሰረዝ ስለ ዘጋሁት መፍትሔ እንዳገኘ ይቆጠርልኝ።)

አምስተኛ፣ ስለ ፈቃዱና ስለ ኮሚቴው።

በግቢያችን አቶ ሙሄ የሚባሉ አናጺ አሉ። ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት የፒያሳን በርና መስኮት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። መጀመሪያ በሰኔ ወር ጽሕፈት ቤትዎ «ጣውላ የለም» ብሎ በቃል ሲመልሰን፣ ጣውላውን ከየትም ፈልገን እርሳቸው ሊሠሩት ተስማማን። ቤቱ ግን የመንግሥት ነው፤ ያለ ፈቃድ አንዲት ሚስማር መምታት እንደማይቻል ጠንቅቀን ስለምናውቅ ፈቃድ ጠየቅን። መልሱ ሳጥናችን አረንጓዴ ከሆነ በኋላ በሁለት ማኅተም መጣ፤ ደረጃው የተጠገነ ስለ ሆነ፣ የተጠገነን ደረጃ ደግሞ መሥራት ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ይላል። ካልተጠገነ እናንተ ትሠሩታላችሁ፣ ከተጠገነ እኛ መሥራት አንችልም፤ ይህን የመሰለ ጥብቅ አሠራር ስላሳዩን እናመሰግናለን።

ደብዳቤ ስናበዛ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ላኩልን። ታብሌት ይዘው መጡ። ቀድሞ ደረጃው በነበረበት ስፍራ ላይ ቆሙና ታብሌቱን ከፍተው ረድፍ 347ን አዩ፤ እርስ በርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳቸው እንኳ ቀና ብለው አላዩም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ አንደኛው ቀና ብሎ በትሕትና «እማማ፣ ደረጃው መሠራቱን በፊርማዎ ማረጋገጥ ስላለብዎት እባክዎ አንዴ ይውረዱልን» አላቸው። እማማ ሳሊሀም ነጠላቸውን አስተካክለው «እሺ ልጄ፣ ልውረድ። በየት በኩል ልምጣ?» ብለው ጠየቁት። ሦስቱም ወደ ታብሌቱ ተመለሱ።

በመጨረሻ ቅጹ በዘንቢሉ እንዲወጣ ተስማማን። ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጭብጥ ቆሎ ተጨምሮበት ተመለሰ፤ የፊርማው ቦታ ግን ባዶ ነበር። ቆሎውን ኮሚቴው በላው። ቅጹ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ የፊርማው ቦታ በሰረዝ ተዘጋ።

ስድስተኛ፣ ስለ ዓርብ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የጻፍሁትን እየሳቅሁ ነው የጻፍሁት፤ ይህን ቁጥር ግን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ደረጃ ሲባል ጣውላ ብቻ እንዳይመስልዎ ብዬ ነው።

እማማ ሳሊሀ አንዲት ታናሽ እኅት አሏቸው፤ እትዬ ነሲባ ይባላሉ፤ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ መውረጃ ይኖራሉ፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። አርባ ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እየመጡ፣ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው፣ በሩን ዘግተው ከእኅታቸው ጋር እስከ አሥር ሰዓት ያንሾካሹካሉ። ምን እንደሚሉ ማንም ሰምቶ አያውቅም። አንዳንዴ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ስለ እኛ እንደሚያወሩ እናውቃለን፤ ቅርም አይለንም ነበር።

አሁን እትዬ ነሲባ መውጣት አይችሉም፤ እማማ ሳሊሀ መውረድ አይችሉም። መሰላል ለወጣት ነው። በወንበር ተሸክመን እናውርድዎት ብንላቸው «ሰው ተሸክሞኝ የምወጣው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ቀን እኔ አላየውም። እስከዚያው በእግሬ ነኝ» ብለው ዘጉን። ስለዚህ ሃያ ዓርብ ሙሉ እትዬ ነሲባ በግቢው መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንጋጠው፣ እማማ ሳሊሀ ከበረንዳው አጎንብሰው፣ እየተጯጯሁ ያወራሉ። በ1974 ዓ.ም. የጠፋ የሐር ሻሽ ማን እንደ ወሰደው ግቢው አውቋል፤ የወሰዱት ሴትዮ ልጅ እታች ቤት ነው የሚኖረው፤ እርሱም አውቋል። እትዬ ነሲባ «ስኳርሽ ስንት ገባ?» ብለው ሲጣሩ ቁጥሩን ሁላችን ስለምናውቀው አንዳንዴ ከእማማ ሳሊሀ ቀድመን እንመልሳለን። አቶ ሙሄ ጨዋ ሰው ናቸውና እንዳይሰሙ ብለው ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ሴቶቹም ሬዲዮኑን ለመብለጥ የባሰ ይጮኻሉ።

ጥቅምት 7 ቀን ዓርብ እትዬ ነሲባ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። በእጃቸው ከሐኪም ቤት የተሰጣቸው የታጠፈ ወረቀት ነበር። እማማ ሳሊሀ ከላይ «ምን አሉሽ?» አሏቸው። እትዬ ነሲባ ወደ እኛ አዩ፤ ስድስት ቤት ሰው በየበሩ ነው። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ተጩኾ የሚነገር ነገር አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ቦርሳቸው መለሱና ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ወረቀቱን በዘንቢሉ እንላከው ያለ ሰው ነበር፤ እማማ ሳሊሀ ማንበብ እንደማይችሉ ረስቶ ነው። ያን ቀን አለቀስሁ። በክቡርነትዎ ላይ ምንም ዓይነት ቅሬታ ሳይኖረኝ፣ በአክብሮት አለቀስሁ።

ሰባተኛ፣ ስለ ልጄ ጥፋት።

ሔርሜላ ይህን ስታይ ራስዋን ጠላች። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥታ ኮዱን በነጻ ላርመው ብላ ለመነች። የሚጨመረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሰረዝ ብቻ ያለበት ሳጥን እንደ ባዶ ይቆጠር፣ «አልተሠራም» የሚል ቃል ያለበት ሳጥን ደግሞ ወዲያው ይቅላ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። የእርስዎ ሠራተኞች ግን ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ማናቸውም ለውጥ በጽሑፍ ተጠይቆ መመዝገብ አለበት አሏት። ጠየቀች። በሠንጠረዡ ላይ ረድፍ 1,413 ሆኖ ተመዘገበ። የመፍትሔው ሳጥን ባዶ ነበርና ወይዘሮ ጽጌማርያም በሰረዝ ዘጉት። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የኮዱ ስሕተት መታረሙን ራሱ ኮዱ አበሰረን። ልጄ አሁን ሥራ እየፈለገች ነው፤ በሕይወት ታሪኳ ላይ ይህን ሥራዋን ታስገባ እንደ ሆነ ትጠይቀኛለች።

ስምንተኛ፣ ስለ ታፔላው።

ባለፈው ወር በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ያስቆሙትን ታፔላ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ከጃንጥላዬ አምስት እርምጃ ነው የሚርቀው። በአረንጓዴ መደብ ላይ በነጭ ቀለም «አረንጓዴ ወረዳ» ይላል። አቶ ሙሄ በተመረቀ ዕለት መጥተው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ የጠነከረ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ነው፣ አሥር ክረምት ይችላል አሉ። ጣውላ የለም በተባለበት ከተማ እንዲህ ያለ ጣውላ ማግኘትዎ ለአፈጻጸምዎ ምስክር ነው። ታፔላው ይቆማል እንጂ ሰው ስለማይረግጠው ለምን ያን ያህል መወፈር እንዳስፈለገው ግን አልገባንም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ ጣውላ አልጠይቅም፤ አናጺ አልጠይቅም፤ ኮሚቴ ደግሞ በፈጣሪ ስም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። አንድ ቀን ማለዳ፣ ሌላ ሥራ ሳይዝዎት፣ በረድፍ 347 መጨረሻ ያሉትን ዘጠኝ መስመሮች አጥፍተው ባዶውን ይተዉልን። እንቅላ። ቀይ ከሆንን አልተሠራንም ማለት ነው፤ ካልተሠራን ደግሞ ራሳችንን ለመሥራት ፈቃድ መጠየቅ እንችላለን። እርስዎ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ካየኋቸው ኃላፊዎች ሁሉ በፍጥነት የሠሩ ነዎት፤ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ይከብድዎታል ብዬ አላምንም።

ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡልኝም ስላረነጓዱልኝ፣ የእርስዎን ረጅም ዕድሜ፣ የስክሪንዎን የማያቋርጥ መብራት፣ የወንበርዎን ጽናት፣ ከቢሮዎ እስከ ታች ያለውን የባለ እብነ በረድ ደረጃዎን ደህንነት አጥብቄ እየተመኘሁ፣ በተዘረጋ ጃንጥላና በተሰበረ ልብ እሰናበትዎታለሁ።

ከጽኑ አክብሮት ጋር
አጽብሐ ኪሮስ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የወረዳው ደጅ ጠኚ፣ የኮዱም አያት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ጽጌማርያም፣ መዝገብ ቤት (ከገጹ ግርጌ የተረፈው ባዶ ቦታ በፈቃዴ የተተወ ስለ ሆነ እንዳይዘጋብኝ)
ለትልቁ ስክሪን፣ ባለበት
ለልጄ ሔርሜላ (ማንበብ የሰው ሥራ ስለ ሆነ)
ለእማማ ሳሊሀ፣ በዘንቢል (ሔርሜላ ወጥታ ታነብላቸዋለች)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥቅምት 21 ቀን፣ ዓርብ።

ይህ ደብዳቤ ማክሰኞ ተጽፎ ሳለ መብራት በመጥፋቱ ፎቶ ኮፒ ሳይነሣ እስከ ዛሬ ቆየ። በመካከሉ ጥቂት ነገር ስለ ተለወጠ በአክብሮት ላሳውቅዎ ይገባል።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከግቢያችን አምስት ሰዎች መጥተን ታፔላውን አንሥተናል። በእጄ ወረቀት ይዤ ስለ ነበር ጥበቃው ምንም አልጠየቀንም፤ እንዲያውም በአንዱ ጫፍ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ አድርሶናል። ወረቀቱ ባዶ ነበር። አቶ ሙሄ ሐሙስን በሙሉ ሲጋዙና ሲመቱ ውለው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ፣ ስምንት መወጣጫ አወጡበት። ሕገ ወጥ ግንባታ ግን አልተካሄደም፤ የጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ቤት ተዛወረ፣ ቆሞ የነበረውም ተጋደመ እንጂ። ፊደሎቹ ወደ ታች ይዙሩ ብለን ነበር፤ እማማ ሳሊሀ ከላይ ሆነው እምቢ አሉ። ዓይናቸው ስለ ደከመ ነጩ ቀለም እግራቸውን የሚያሳርፉበትን ያሳያቸዋል።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ እማማ ሳሊሀ ስድስቱን አሮጌ መወጣጫ፣ ከዚያም የእርስዎን ስምንት ፊደሎች አንድ በአንድ ረግጠው፣ በእግራቸው ወረዱ። እትዬ ነሲባ ከርጩማቸው ተነሥተው ቆሙ። ሁለቱም ወደ እኔ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። እኛ ውጭ ቆመን እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅን፤ አቶ ሙሄም ሬዲዮናቸውን አጠፉ። አንዲት ቃል እንኳ አልተሰማንም።

ታፔላውን ማስፈለግዎ አይቀርም። እንዳይደክሙ ብዬ ነው፤ ወይዘሮ ጽጌማርያም በሠንጠረዡ ላይ አንድ አዲስ ረድፍ ይክፈቱና በመጨረሻው ሳጥን «ተሰርቋል» ብለው ይጻፉበት። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተገኝቶ ያገኙታል።